የንግድ ቤትና ጥላው
በናይሮቢ ከተማ የንግድ ሕንጻዎች ለአገሩ ጠባይ እንዴት እንደ ተስማሙና እንዴት እንዳልተስማሙ፤ ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር



ስለ ሕንጻ መናገር የመሐንዲስ እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር አይነቀፍም። ዳሩ ግን ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ድረስ ከመጽሐፉ ይልቅ አብልጦ የሚያየው የመንገዱን ግራና ቀኝ ነው። በዚያ መንገድ ዳር የቆመው ባንክ፥ ሱቅና ሆቴል ስለ አገሩ አንድ ነገር ሳይነግረው አያሳልፈውም። ዛሬ በደብተሩ ጥግ ላይ ቤት የሚሥለው ልጅም ከሃያ ዓመት በኋላ የንግድ ቤት አሠሪ፥ ወይም ሠሪ፥ ወይም ፈቃድ ሰጪ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ነገሩ ከመምህሩ ደጅ የራቀ አይደለም።

ለዚህ ንግግር ምሳሌ እንድትሆን የተመረጠችው ከተማ ናይሮቢ ናት፤ ይኸውም ለአዲስ አበባ እንደ ታናሽ እኅት የምትቈጠር ስለ ሆነች ነው። አዲስ አበባ የተቈረቈረችው በ1886 ሲሆን ናይሮቢ የተመሠረተችው በ1899 ነው። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሁለቱም በአፍሪካ ምሥራቅ ከባሕር ርቀው ከፍ ባለ ምድር ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። ስሟም ከማሳይ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጕሙ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ተብላ በተሰየመች ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የአየር ማቀዝቀዣ መኪና ካልሠራ በቀር ሊቀመጥባቸው የማይቻል የንግድ ሕንጻዎች መቆማቸው እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የናይሮቢ አጀማመር የሚያኰራ አልነበረም። ከሞምባሳ ወደ ዑጋንዳ የሚዘረጋው የምድር ባቡር ከዚያ ሲደርስ የዕቃ ማከማቻና የሠራተኞች ሰፈር ተተከለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሱቆችም የቆርቆሮና የጣውላ ነበሩ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በሕንዶች ገበያ ወረርሽኝ በመነሣቱ ገበያው እንዲቃጠል ተደረገ። ከዚያ በኋላ ግንበኞች በከተማው ዙሪያ ወደሚፈለጠው ግራጫ ድንጋይ ፊታቸውን መለሱ። ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው፤ ወፍራም ግድግዳ ሆኖ ሲቆም የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል፥ የሌሊቱንም ቅዝቃዜ ይዞ ያድራል። ይህን ያደረጉት ሰዎች ስለ አገር ጠባይ ብዙ አልተመራመሩም፤ ድንጋዩ ቅርብ ስለ ነበረ ብቻ ተጠቀሙበት። ቅርብ ያለውን መጠቀም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥበብ ሳይለይ ይቀራል።

ከድንጋዩ ጋራ አብሮ የመጣው ሁለተኛው ነገር በረንዳ ነው። በሕንዳውያን ነጋዴዎች መንገድ፥ ዛሬ ቢያሻራ በሚባለው፥ (ቢያሻራ በስዋሂሊ ንግድ ማለት ነው) እንዲሁም በሌሎች የመካከለኛው ከተማ ጐዳናዎች የብዙ ሕንጻዎች ላይኛው ፎቅ ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ ወይም በዓምድ ላይ ቆሞ የእግረኛውን መተላለፊያ ይሸፍናል። የናይሮቢ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ትንሹም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይዘንባል። ዝናቡ ድንገት ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ከዚያ ሥር ይገባል፤ ጋዜጣ አዟሪውም፥ ሊስትሮውም፥ ሱቅ በደረቴውም እዚያው ይቆማል። ባለ ሱቁ በዚህ አይጐዳም፤ ዝናብ ሲሸሽ የገባው ሰው የመስኮቱን ዕቃ ማየቱ አይቀርምና።

የበረንዳ ነገር ለኢትዮጵያ ሰው ትርጕም አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ እህል በረንዳና በርበሬ በረንዳ የተባሉት ሰፈሮች ስማቸው ራሱ ንግድ የሚጀመረው ከበሩ ውስጥ ሳይሆን ከበሩ ውጭ ባለው ጥላ ሥር መሆኑን ይመሰክራል። ማደሪያ ያጣ ሰው እንኳ በረንዳ አዳሪ ተብሎ ይጠራል፤ ይህ የሚያሳዝን ስም ቢሆንም ሕንጻው ለማያውቀው ሰው አንዳች ነገር የሰጠ መሆኑን ይናገራል። ዘመናዊ የንግድ ሕንጻ የአገሩን ጠባይ አክብሯል ወይስ አላከበረም ለማለት ከሁሉ አስቀድሞ መታየት ያለበት እግሩ ሥር ያለው ስፍራ ነው፤ ጣራው ላይ የተደረገው ጌጥ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው የፀሐይ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የሒሳብ መምህር ከመሐንዲሱ አያንስም። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ አንድ ዲግሪ ከጥቂት ደቂቃ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ የዓመቱን እኩሌታ በስተ ሰሜን፥ እኩሌታውንም በስተ ደቡብ ታልፋለች፤ በቀትር ጊዜም ከአናት ብዙ አትርቅም። በጁን ወር ወደ ሰሜን እጅግ ባዘነበለችበት ቀን እንኳ ቀትር ላይ ከፍታዋ 65 ዲግሪ ያህል ነው። ይህም ማለት ከግድግዳው አንድ ሜትር ወጣ ያለ ክፈፍ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል ማለት ነው፤ በዲሴምበር በደቡቡ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጥላው ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ይጠጋል። እንግዲህ የሰሜንና የደቡብ መስኮት በትንሽ ወጪ ይጠለላል። የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳ ግን እንዲህ አይደለም፤ የጧትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ስለምትገባ ክፈፍ አይመልሳትም። በዚያ በኩል መስኮት ማሳነስና ግድግዳ ማወፈር፥ ወይም የቆመ መከላከያ ማድረግ ያስፈልጋል።

ይህን ሐሳብ በምሥራቅ አፍሪካ ሥራ ላይ ካዋሉት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው የሕንጻ ጥበብ ዐዋቂ ኤርንስት ማይ ነበር። ማይ በፍራንክፈርት ለሠራተኞች በሠራቸው ሰፈሮች የታወቀ ሲሆን ከሶቪየት ኅብረት በኋላ በ1934 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቶ እስከ 1953 ድረስ ተቀመጠ። ከአውሮፓ ያመጣውን ቅርጽ እንዳለ አልተከለም፤ የናይሮቢን ፀሐይ መንገድ እየተመለከተ አሻሻለው። ሰውየው ዘመናዊነቱን አልተወም፤ ፀሐይዋ ግን የፍራንክፈርት ፀሐይ አለመሆኗን ዐውቋል።

ዛሬ ከመካከለኛው ከተማ ወደ ኡፐር ሂልና ወደ ዌስትላንድስ የሚሄድ ሰው የሚያየው ከዚህ የተለየ ነው። ኡፐር ሂል ቀድሞ በዛፍና በሰፊ ግቢ የተከበቡ መኖሪያ ቤቶች የነበሩበት ኰረብታ ነው። አሁን ከዚያ ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ፎቅ በፎቅ ላይ ጨምረዋል፤ በ2017 የተፈጸመው የብሪታም ሕንጻ 200 ሜትር ከፍታ አለው። ከእነዚህ ረጃጅም ሕንጻዎች ብዙዎቹ በአራቱም ማዕዘን አንድ ዓይነት መስታወት ለብሰዋል። በአራቱም ማዕዘን አንድ ዓይነት ፊት ያለው ሕንጻ ፀሐይ ከየት እንደምትወጣ የማያውቅ ሕንጻ ነው።

ሆኖም አሠሪዎቹን በደፈናው መውቀስ ቅንነት አይሆንም። መስታወት ግድግዳ ቶሎ ይገጠማል፤ ጠባብ በሆነና ዋጋው ባበጠ መሬት ላይ የግድግዳ ውፍረት የኪራይ ስፍራ ይበላል፤ ተከራዩም በለንደን ወይም በዱባይ ያየውን ዓይነት መሥሪያ ቤት ይፈልጋል። በለንደን ክረምት ፀሐይ ቀትር ላይ ከ15 ዲግሪ ብዙም ከፍ አትልም፤ እዚያ ብርሃን ውድ ነው፤ ሰፊ መስታወትም ምክንያት አለው። ምክንያቱ ባሕር ተሻግሮ አልመጣም፤ መስታወቱ ብቻ መጣ። የማቀዝቀዣውን መኪና የመብራት ሒሳብ የሚከፍለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሕንጻውን የሠራው ሰው ሳይሆን ተከራዩ ነው፤ ነገሩ እንዳይታረም የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል።

ለአገር ጠባይ መጨነቅ ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ቅርጽን ነው። ናይሮቢ በዚህ ረገድ ዝነኛ ሕንጻ አላት፤ እርሱም የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማእከል ነው። ሕንጻው በ1967 ተጀምሮ በ1973 ተፈጸመ፤ የነደፉት ኖርዌያዊው ካርል ሄንሪክ ኖስትቪክና ኬንያዊው ዴቪድ ሙቲሶ ናቸው። በ1973 የዓለም ባንክና የገንዘብ ድርጅቱ ጉባኤ ተደርጎበታል። ከረጅሙ ግንብ አጠገብ ያለው አዳራሽ እንደ ጎጆ ቤት ክዳን ሾጠጥ ያለ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያን ነው። ከዚያ ወዲህ በአፍሪካ ከተሞች ጎጆ የመሰለ ጣራ በሲሚንቶ ላይ መድፋት አገርኛ መሆን የተባለበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን ከጎጆው ክዳን ይልቅ ሊጠና የሚገባው የግንቡ ፊት ነው፤ መስኮቶቹ የሸክላ መልክ ባላቸው በቆሙ የሲሚንቶ ክንፎች መካከል የተቀመጡ ናቸው። ክዳኑ አፍሪካን ያስታውሳል፤ ክንፎቹ ግን ለአፍሪካ ፀሐይ ይሠራሉ። ከሁለቱ ብዙ ጊዜ የተቀዳው የመጀመሪያው መሆኑ ያሳዝናል።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ከባድ መከራከሪያ አለ፤ ታልፎም ሊሄድ አይገባም። ኦገስት 7 ቀን 1998 በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ ፈንጂ በፈነዳ ጊዜ 213 ሰዎች ሞቱ፤ የቈሰሉትም በሺሕ የሚቈጠሩ ነበሩ። ስፍራው የሞይ ጐዳና ከኀይለ ሥላሴ ጐዳና ጋራ የሚገናኝበት ነው። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን ድምፅ ሰምተው ምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ መስኮት ቀርበው ነበር፤ ከዚያም ትልቁ ፍንዳታ ተከተለ፤ በጐረቤት ሕንጻዎች የተሰበረው መስታወት የብዙዎችን ፊት ጐዳ፥ የብዙዎችንም ዓይን አጠፋ። ከዚህ በኋላ አጥር፥ ዘበኛና ፍተሻ በየንግድ ቤቱ በር ቢበዛ ማን ሊፈርድ ይችላል? በረንዳውን ለእግረኛ ክፍት አድርጉ የሚል መካሪ ይህን ሐዘን ሳያስታውስ ቢናገር ንግግሩ ቀላል ይሆናል። የሚጠየቀው ጥበቃው ለምን መጣ ተብሎ አይደለም፤ ጥበቃው ሲመጣ መንገደኛው የተጠለለበት ጥላ ለምን አብሮ ተወሰደ ነው። ክፈፉን ከአጥሩ ውጭ ማስቀረት ይቻላልና፤ ዘበኛም ሆነ ፍተሻ ከክፈፉ ሥር ሊቆም ይችላል።

የሚቻል መሆኑን የሚያሳዩ ሥራዎች በዚያችው ከተማ አሉ። በጊጊሪ ሰፈር በ1990ዎቹ የተከፈተው ቪሌጅ ማርኬት የሚባለው የገበያ ማእከል በአንድ ጣራ ሥር የታፈነ አይደለም፤ ሱቆቹ በክፍት አደባባዮችና በተሸፈኑ መተላለፊያዎች ዙሪያ ተደርድረዋል። ከሁሉ የሚደነቀው ግን የማሳይ ገበያ የሚባለው፥ ዶቃ፥ ቅርጫትና የእንጨት ሥራ የሚሸጡ ትንንሽ ነጋዴዎች የሚሰበሰቡበት ገበያ፥ ለብዙ ዓመታት ዓርብ ዓርብ በዚያው ግቢ ሲቆም መኖሩ ነው። ባለ ሱቁና ምንጣፍ አንጣፊው በአንድ ቦታ ሲነግዱ አንዱ ሌላውን አላጠፋም።

በዚያው ጊጊሪ በ2011 የተመረቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃና የሰፈራ ድርጅቶች ሕንጻ ምንም እንኳ የንግድ ቤት ባይሆን ለ1200 ሠራተኛ የተሠራ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስለ ሆነ ሊጠቀስ ይገባዋል። ያለ ማቀዝቀዣ መኪና ይሠራል፤ የሞቀው አየር በመካከሉ ባለው ክፍት አዳራሽ ወደ ላይ ወጥቶ በጣራው በኩል ይሄዳል፤ ጣራውም በ6000 ካሬ ሜትር የፀሐይ ኀይል መቀበያ ተሸፍኗል። ይህ ሀብት ያለው ድርጅት ሥራ ነው፥ ለነጋዴ አይሆንም የሚል ቢኖር ወደ ሐራሬ መመልከት ይችላል። በዚያ በ1996 የተፈጸመው ኢስትጌት ሱቅና የኪራይ ቢሮ ያለበት እውነተኛ የንግድ ሕንጻ ነው። የነደፈው ሚክ ፒርስ ምስጥ ኩይሳዋን እንዴት እንደምታቀዘቅዝ አስቦ፥ የሌሊቱ ብርድ አየር በወፍራሙ የሲሚንቶ አካል ውስጥ እንዲያልፍ አደረገ፤ ቀን ሲሞቅ ያ የበረደ አካል ክፍሎቹን ያቀዘቅዛል። ኩይሳ ደግሞ ለገጠር ልጅ አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ ድንጋይ ሲነገር ሳይጠቀስ የቀረ አንድ ቤት አለ። ኪፓንዴ ሀውስ በ1913 የተሠራ የድንጋይ ሕንጻ ነው። ስሙን ያገኘው በቅኝ ግዛት ዘመን አፍሪካውያን ወንዶች ተመዝግበው ኪፓንዴ የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት በዚያ ይቀበሉ ስለ ነበረ ነው፤ ወረቀቱንም በብረት ማኅደር ከትተው በአንገታቸው ያንጠለጥሉት ነበር። የኬንያ ንግድ ባንክ ቤቱን በ1976 ሲገዛ አፍርሶ በስፍራው ረጅም ግንብ ሊያቆም ይችል ነበር። ይህን አላደረገም፤ ቤቱን ከነስሙ ያዘው። አያቱ በዚያ ደጅ ቆሞ የተቈጠረ ሰው በዚያው ቤት ገንዘቡን ሊያስቀምጥ ገባ።

መምህራን ይህን ሁሉ ለተማሪ በቃል ብቻ ሊነግሩት አይገባም፤ የሚሻል መንገድ አለና። ከታኅሣሥ 12 ወይም 13 ቀን በአንዱ፥ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ፥ የአንድ ሜትር ዘንግ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይተከል። በአዲስ አበባ የጥላው ርዝመት ወደ 63 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዚያው ቀን በናይሮቢ ቀትር ላይ ቢለካ ከ41 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ተማሪዎቹ ይህን በደብተራቸው ከጻፉ በኋላ ከከተማው አንድ አዲስ የንግድ ቤት መርጠው ወደ ደቡብ የሚያየው መስኮት ስንት ሜትር ቁመት እንዳለው፥ በላዩ ያለውም ክፈፍ ስንት እንደሚወጣ፥ ክፈፍ ከሌለውም እንደሌለው ይመዝግቡ። የሕንጻው ባለቤት ለምን ትለካላችሁ ብሎ ቢጠይቃቸው የሚያሳዩት ቍጥር በእጃቸው ይኖራል።