ሰውን ማደን፤ ከሐርላ ድንጋይ እስከ ሲኒማ መጋረጃ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከድሬዳዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሐረር አቅጣጫ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐርላ የሚባል መንደር ይገኛል። በመንደሩና በዙሪያው ባሉት እርሻዎች መካከል የጥንት ከተማ ፍርስራሽ፣ የመስጊድ መሠረት፣ የመቃብር ሥፍራና የግንብ ቅሪት ይታያል። ገበሬው ሲያርስ ዶቃና የሸክላ ስባሪ፣ አልፎ አልፎም የባዕድ አገር ገንዘብ ከአፈሩ ሲወጣለት ኖሯል። ይህን ሁሉ ማን ሠራው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ከአባቶቹ የተቀበለው መልስ ቁመታቸው ከሰው ልክ ያለፈ ግዙፋን ሠሩት የሚል ነው። እነዚያን ድንጋዮች ተራ ሰው ሊያነሣቸው አይችልም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋራ በመተባበር ሥፍራውን አስቆፈሩ። በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድና ጌጣጌጥ ይሠራበት የነበረ ቤት ተገኘ። ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ ደሴቶች፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች፣ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የተመታ ገንዘብም ወጣ። ከመቃብሩ የወጣው ዐፅም ግን ልኩ እንደ ማንኛውም ሰው ነበር። ፕሮፌሰሩ ለጋዜጠኞች እንደ ገለጹት፣ የግዙፋኑ ታሪክ በማስረጃ ውድቅ ቢሆንም የአካባቢው ሰው ገና በሙሉ ልቡ አላመነም። ግዙፍ በሌለበት ድንጋይ የሚያነሡት መፈንቀያና ገመድ፣ የብዙ ሰው ትከሻና የሥራ ክፍፍል መሆናቸውን ለመሐንዲሶች ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

የንግግሩ ርእስ ግን የመሬት ቁፋሮ አይደለም። ርእሱ አንድ በአነስተኛ ወጪ የተሠራ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ነው። ሐርላ የተነሣችው ሰው ከአቅሙ በላይ የመሰለውን ሥራ ሁሉ ለአንድ ግዙፍ ማሸከም እንደሚወድ ለማሳየት ነው። ይህ ጠባይ በበጎ ሥራ ሲታይ ያስቃል፤ በክፉ ሥራ ሲታይ ግን ጉዳት አለው።

ሪቻርድ ኮኔል የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ «ዘ ሞስት ዴንጀረስ ጌም» የሚል አጭር ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1924 አሳተመ። በእንግሊዝኛ ጨዋታንና የሚታደን እንስሳን አንድ ቃል ስለሚጠራቸው ርእሱ ሁለት ትርጉም አለው። ታሪኩ አጭር ነው። ዛሮፍ የሚባል አንድ የሩሲያ መኳንንት አራዊትን ሁሉ አድኖ ስለ ሰለቸው፣ በብቸኛ ደሴት ተቀምጦ መርከብ የተሰበረባቸውን ሰዎች ያድናል። ሬንስፎርድ የሚባል አንድ የታወቀ አዳኝ እጁ ላይ ይወድቅና፣ ትናንት አዳኝ የነበረው ዛሬ ታዳኝ ይሆናል። ሬንስፎርድ ግንድ አንጠልጥሎ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ቢላዋ ከለመጠ ዛፍ ጋራ አስሮ ያጠምዳል። ከባድ ግንድ ከፍ አድርጎ ጉልበቱን በትንሽ መቀስቀሻ ማገድ ቀላል የመካኒክስ ጥበብ ነው፤ በድርሰቱ ውስጥ ግን ዛሮፍ ፈጥኖ ወደ ኋላ ስለሚዘል ግንዱ ትከሻውን ብቻ አቁስሎት ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ1932 ይህ ድርሰት ፊልም ሆነ። አዘጋጆቹ ኧርነስት ሾድሳክና ኧርቪንግ ፒቸል፣ ፕሮዲዩሰሩም ሜሪያን ኩፐር ነበሩ። ኩፐርና ሾድሳክ በዚያው ወራት «ኪንግ ኮንግ» የተባለውን ፊልም ለመሥራት በስቱዲዮ ውስጥ ትልቅ ጫካ አስተክለው ስለ ነበር፣ ያንኑ ጫካ ለሁለቱም ፊልሞች ተጠቀሙበት። ፌይ ሬይና ሮበርት አርምስትሮንግም በሁለቱም ውስጥ ተጫወቱ። አንዱን ግንባታ ሁለት ጊዜ ማሠራት ማንኛውም የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ የሚመኘው ቁጠባ ነው። «ኪንግ ኮንግ» ከ600,000 ዶላር በላይ ሲፈጅ፣ የአደኑ ፊልም በ200,000 ዶላርና በጥቂት ትርፍ ተጠናቀቀ። ርዝመቱ 63 ደቂቃ ነው፤ አንዲት ደቂቃ እንኳ በከንቱ አትባክንም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር አለ። ኩፐርና ሾድሳክ ስመ ጥር ከመሆናቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1923 የአንድ የመርከብ ጉዞ ቡድን አባላት ሆነው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን በአዲስ አበባ ፊልም አንሥተው ነበር። በዚያ ዘመን ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ስለ ነበር፣ በድሬዳዋ ማለፋቸው አያጠራጥርም። ያነሡት ፊልም መርከቡ በጣሊያን አገር በሳቮና ወደብ ሳለ በተነሣ እሳት ጠፋ። በሐርላ አጠገብ አልፈው የሄዱት ሰዎች ከዘጠኝና ከዐሥር ዓመት በኋላ ሰው የሚያድነውን መኳንንትና ግዙፉን ጦጣ ለዓለም አሳዩ።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ተቀድቷል። እ.ኤ.አ. በ1945 ሮበርት ዋይዝ እንደገና ሲሠራው ከቀድሞው ፊልም የተቆረጡ ክፍሎችን ጭምር ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1993 ጆን ዉ የሠራው «ሃርድ ታርጌት» አደኑን ከደሴት አውጥቶ ወደ ኒው ኦርሊንስ ከተማ አመጣው፤ ባለጠጎች ገንዘብ ከፍለው ቤት የሌላቸውን የቀድሞ ወታደሮች ያድናሉ። በጥይት ጩኸቱ ብዛት የተነቀፈ ቢሆንም፣ በዚህ አንድ ነጥብ ከቀደመው ይበልጣል፤ አደኑ ደላላ፣ ሒሳብና ደንበኛ እንዳለው ያውቃልና። ዛሮፍ ግን ብቻውን ያበደ ሰው ነው። ዛሮፍ ሲሞት አደኑም ይሞታል፤ ተመልካቹም ተደስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ኢትዮጵያ ሰውን እንደ ስፖርት ያደነ ሰው አይታለች፤ ያም ሰው በደሴት ላይ ብቻውን የሚኖር እብድ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የቤኒቶ ሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ የቦምብ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ በሰሜን ጦር ግንባር ዘመተ። እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ በረራው መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያም ጦርነትን ከስፖርቶች ሁሉ የበለጠ ስፖርት አድርጎ አወድሶታል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ቅሬታው ነው። ከጭቃና ከቅርንጫፍ የተሠሩት የኢትዮጵያ ጎጆዎች ቦምብ ሲጣልባቸው በአሜሪካ ፊልም እንደሚታየው ያለ ታላቅ ፍንዳታ ስላልሰጡት፣ እርካታ አላገኘሁም ብሎ አዝኗል። ልጁ የሲኒማ አፍቃሪ ነበረ። በዚያው ዓመት ከታወቀው ፕሮዲዩሰር ከሃል ሮች ጋራ የፊልም ኩባንያ ለማቋቋም ወደ ሆሊዉድ ሄደ፤ የፊልም ሰዎች ተቃውሞ ስለ በረታበት ውሉ ፈረሰ። ወደ አገሩ ተመልሶም የሲኒማ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆነ፤ የአንድ አብራሪን ጀግንነት የሚያሳይ፣ ፍጻሜው በኢትዮጵያ ጦርነት የሆነ ፊልምም በበላይነት መራ። እ.ኤ.አ. እስከ 1997 ድረስ በሕይወት ቆየ።

በዚህ ሥፍራ ቪቶሪዮን ዛሮፍ አድርጎ ንግግሩን መዝጋት ቀላል ነበር። ነገር ግን ቪቶሪዮም እንደ ሐርላ ግዙፋን ብቻውን ምንም አያነሣም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጢስ ቦምብ ወረደ። ሲ 500 ቲ የሚባለው ቦምብ 212 ኪሎ ግራም ያህል የሰናፍጭ መርዝ ይይዝ ነበር። ከምድር 250 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዲፈነዳ የተሠራ ስለ ነበር፣ ፈሳሹ በአየር ተበትኖ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ሲናገሩ፣ አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት ወይም ዐሥራ ስምንት ሆነው እየተከታተሉ መርዙን ያለማቋረጥ ይረጩት እንደ ነበር አስረድተዋል። መጋቢት 20 ቀን ግልጽ ከተማ ነች ተብላ የነበረችው ሐረር በቦምብ ነደደች፤ ግንቦት 1 ቀን የጣሊያን ጦር ድሬዳዋ ገባ።

አሁን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ራሱን ይጠይቅ። 250 ሜትር የሚለውን ቁጥር ማን አሰላው? ከዚያ ዝቅ ቢል መርዙ በጠባብ ሥፍራ ይከማቻል፤ ከፍ ቢል ነፋስ ይበትነዋል። ይህ በስሜት የሚወሰን ነገር አይደለም፤ ሠንጠረዥ፣ ሙከራና ፊርማ ይፈልጋል። የቦምቡን ቅርፊት የበየደ፣ የመቀስቀሻውን ሰዓት ያስተካከለ፣ በርሜሉን በምጽዋ ወደብ ያራገፈ ሰው ሁሉ ምናልባት ማታ ወደ ልጆቹ የሚገባ ጨዋ ሰው ነበር። አንዳቸውም አዳኝ ነኝ አላሉም። የጣሊያን መንግሥት በመከላከያ ሚኒስትሩ በኩል መርዙ በሥራ ላይ መዋሉን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ማለት ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

ጣትን ወደ ባሕር ማዶ ብቻ መቀሰርም አይገባም። በሐርላ አጠገብ የሚያልፈው የዘይላ መንገድ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋራ ባሪያም ይተላለፍበት ነበር። ያ ባሪያ በአንድ ሥፍራ ታድኖ የተያዘ ሰው ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የማጂና የጊሚራ አገር በባሪያ ፈንጋይ ዘመቻ ሰው አልባ እስኪመስል ተመናምኗል። በጥንቱ ፉከራ ገዳይ የሚባለው ዝሆን የጣለውም አንበሳ የጣለውም ሰው የጣለውም ነበር፤ ግዳዩ በአንድ መዝገብ ተቆጠረ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. ማለቂያ በወጣው አዋጅ ፈጽሞ ሲከለከል፣ ከፈንጋዮቹ ሌላ የሚጠየቁ ስንቅ ያቀበሉ፣ በቅሎ ያከራዩ፣ ኬላ ላይ ቀረጥ የተቀበሉ ብዙዎች ነበሩ። ስለ እነርሱ ብዙ አልተጻፈም።

የፊልም ሥራ የሚሞክሩ ወጣቶች በድሬዳዋም በአዲስ አበባም አሉ፤ ወጪ ስለ ማነሱ ሲያማርሩ ይሰማሉ። ከዚህ ማኅበር አንድ ምክር ቢጠየቅ መልሱ ከባድ አይሆንም። ጫካ መትከል፣ ውሻና ጠመንጃ መከራየት፣ ቤተ መንግሥት መሥራት አያስፈልግም። አንድ የሥዕል ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ የሒሳብ ማስሊያ ገዥ፣ 200 ሜትር ይሁን ወይስ 250 እያሉ በጨዋ ቋንቋ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ። በመስኮቱ በኩል የአውሮፕላን ድምፅ ቢሰማ መልካም ነው፤ እሱም ቢሆን ከመዝገብ ድምፅ በነፃ ሊገኝ ይችላል።