የጉድጓድ ሲሚንቶና የሙቀት ለውጥ
የጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢደፋበት ምን እንደሚሆን እዚህ ቴፒ የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 በአሉቶ ላንጋኖ የተቆፈሩት ስምንት የእንፋሎት ጉድጓዶች ፈተናም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ የአንዳንዶቹ ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። እንፋሎቱ ሲለቀቅ የብረት ቧንቧው ይሰፋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት ይኮማተራል። በዙሪያው ያለው ሲሚንቶ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል ወይም ከብረቱ ይላቀቃል። ከ110 ዲግሪ በላይ ደግሞ ተራው ሲሚንቶ በራሱ ይደክማል፣ ፈሳሽም ያሳልፋል፤ ስለዚህ ከክብደቱ 35 በመቶ ያህል የሲሊካ ዱቄት ይጨመርበታል። ተማሪዎቼ ዘወትር ጠንካራውን ይመርጣሉ፤ እኔ በመጠኑ የሚለጠጠውን እመርጣለሁ። ጥንካሬው በቤተ ሙከራ የሚለካው ብዙ ጊዜ በአንድ ሙቀት ነው፤ ጉድጓዱ ግን ለዓመታት ሲግልና ሲበርድ ይኖራል።