የማን ምስክርነት ነው እውነት የሚባለው? እንዶድና የሳይንሳዊ ዕውቀት ማኅበራዊ መሠረት



ሳይንሳዊ እውነት ከኅብረተሰብ ነጻ ነው ወይስ የኅብረተሰብ ሥራ ነው? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ተከራካሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጎራ ይሰለፋሉ። አንደኛው ወገን ተፈጥሮ ራሷ ትናገራለች ይላል፤ ሌላኛው ሳይንስ የኃያላን ትርክት ነው ይላል። ለእኔ ሁለቱም አጥጋቢ አይደሉም። ስለዚህ ጥያቄውን በረቂቁ ከማንሣት ይልቅ፣ በጓሮና በአጥር ጥግ በምናውቀው ተክል፣ በእንዶድ ታሪክ በኩል እንድናየው እጋብዛችኋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ ነበሩ። የበሽታው አምጪ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የመተላለፊያው ሰንሰለት ይበጠሳል። ዶክተር አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተመለከቱ። በሕይወት ያሉትን ከሌላ የወንዙ ክፍል ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርባቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በዚያች ቅጽበት ምን ታወቀ? ማንስ አወቀው? የእንዶድ ፍሬ እንዴት ደርቆ እንደሚወቀጥና አረፋው ምን ያህል ውኃ እንደሚበቃው የሚያውቁት ሴቶቹ ነበሩ። የተመራማሪው ድርሻ የሞተውን ቀንድ አውጣ ከትሉ፣ ትሉን ደግሞ ከሕፃናቱ ሕመም ጋር ማገናኘት ነበር። ያለ ሴቶቹ ዕውቀት ግኝቱ አይኖርም፤ ያለ እርሳቸው ጥያቄም አረፋው አረፋ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው በወጉ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተሻለ ኃይል ያላቸውን የእንዶድ ዝርያዎች ለመምረጥ ደከሙ። ዓድዋ ላይ ለዓመታት በተካሄደው የመስክ ሙከራ፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የበሽታው ሥርጭት ከመቶ 50 ወደ መቶ 7 ገደማ ወረደ። እንግዲህ ማስረጃ ከተባለ ይህ ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ ዶክተር አክሊሉ በይፋ ሲናገሩት እንደኖሩት፣ ዓለም አቀፉ የጤና ማኅበረሰብ እንዶድን ለመቀበል ዳተኛ ሆነ። የመርዛማነት ጥናቱ እንደገና መሠራት አለበት ተባለ፤ ያውም «መልካም የላቦራቶሪ አሠራር» የሚባለውን ደንብ በሚያሟላ ቤተ ሙከራ። እንዲህ ያለው ጥናት የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ የአፍሪካ ተቋም አቅም በላይ ነበር።

ጥያቄው በራሱ ክፉ አልነበረም። የእንዶድ ሳፖኒን ዓሣንም ይገድላል፤ በወንዝ የሚጨመር ነገር መመርመሩ ተገቢ ነው። የሚያስገርመው የደንቡ አመጣጥ ነው። ደንቡ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣው፣ በዚያው አገር የሚገኙ የንግድ ላቦራቶሪዎች የሐሰት ውጤት ለመንግሥት ማቅረባቸው ስለተደረሰበት ነው። ባለጸጋው አገር በራሱ ቤት የተፈጸመውን ማጭበርበር ለመከላከል ያበጀው አጥር፣ ያላጭበረበረውን የድኻ አገር ተመራማሪ ከውጭ አስቀረ። ይህን ያሴረ ሰው ነበር አልልም፤ የሚያሳስበኝም ማንም ሳያሴርበት መሆኑ ነው።

ታሪክ ጸሐፊው ስቲቨን ሼፒን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አንድ የሙከራ ውጤት እውነት ነው ለመባል የመስካሪው ማኅበራዊ ደረጃ ትልቅ ቦታ እንደነበረው ያስረዳል። ጨዋ ሰው፣ ማለትም ርስትና ክብር ያለው፣ ለመዋሸት ምክንያት የለውም ተብሎ ይታመን ነበር። የሮበርት ቦይልን የአየር ፓምፕ በእጃቸው ያንቀሳቀሱት አገልጋዮች ግን ምስክር ተብለው አልተቆጠሩም። በማንም ቃል አንታሰርም የሚል መፈክር የያዘው የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ እንኳ፣ በተግባር በተመረጡ ሰዎች ቃል ላይ የቆመ ነበር። በቋንቋችን ማመን፣ እምነትና ታማኝ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ነገሩን ለመቀበል ተናጋሪውን መቀበል እንደሚቀድም ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከመዝገበ ቃላት አላገኝም።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያነሡትን ተቃውሞ አውቃለሁ፦ «መምህር፣ ታዲያ እውነት አንጻራዊ ናት ማለትዎ ነው?» አይደለም። ቀንድ አውጣው የጄኔቫን ፈቃድ ሳይጠብቅ ሞቷል፤ ፈቃድ ቢከለከልም ይሞታል። ማኅበረሰብ የሚወስነው የትኛው ጥያቄ ገንዘብ እንደሚያገኝ፣ የማን መለኪያ እንደሚታመንና ማስረጃው በቃ የሚባልበትን ጊዜ ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ጊዜ ራሱ ይፈርዳልና። የእንዶድ ሰነድ እስኪሟላ ሲጠበቅ፣ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹም የቢልሃርዚያ መከላከል ትኩረት ቀንድ አውጣን ከማጥፋት ወደ ታማሚውን ማከም ዞረ። መድኃኒቱ ፍቱን ነው፤ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን የታከመው ሕፃን ወደዚያው ወንዝ ተመልሶ ይገባል። እንዶድ የመለሰው ጥያቄ ሐሰት ሆኖ አልተገኘም፤ ጠያቂ አጣ እንጂ።

ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያም እንዶድ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የወረረውን፣ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን ባለ ዛጎል እንስሳ ለመግደል እንደሚያገለግል ታይቶ፣ በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተመዘገበበት። ዓድዋ ላይ ለሕፃናት ጤና ሲቀርብ ቀስ ብሎ የተሰማው ዕውቀት፣ ለቧንቧ ሲሆን ፈጥኖ ባለቤት አገኘ።

ካነበብኳቸው ጽሑፎች በአንዱም በዚያ ወንዝ ዳር አረፋውን የጨመረችውን ሴት ስም አላገኘሁም። በመምሪያችን ለመመረቂያ ጽሑፍ የመስክ ሥራ የምትወጡ ተማሪዎች በሚቀጥለው ወር ትጀምራላችሁ። የማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ መረጃ ሰጪ ቁጥር 1፣ ቁጥር 2 እያላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ሰዎቹ ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቋቸው። አሁን መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እለቅቃለሁ።