የፍጥነት መንገዱና የመቂ ዋና ጎዳና
ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው ነባሩ አስፋልት የመቂን ከተማ መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ያልፋል። ለነዋሪው ዋና ጎዳና ነው፤ ለከባድ መኪናው ግን መተላለፊያ። ቲማቲም የጫነ አይሱዙ፣ የአህያ ጋሪና ባጃጅ እዚያው ይጋፋሉ።

በዚሁ መስመር ያለው የፍጥነት መንገድ አላፊውን ትራፊክ ከከተማው ይለያል። ከሞጆ መቂ 56 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከመቂ ባቱ (ዝዋይ) 37 ነው። ክፍያው እንደ ርቀቱና እንደ መኪናው ዓይነት ነው፤ ባጃጅና ጋሪ ድርሽ አይሉም።

ታዲያ የከተማው ውስጥስ? ሽንኩርት መንገድ ዳር እየተጫነ፣ ባጃጅ በፈለገበት እየቆመ መጨናነቁ አይለቅም። መጫኛና መቆሚያ ቦታ መለየት የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፤ በእኔ እይታ ከባዱም ይኸኛው ነው። ደግሞ ክፍያውን ሸሽቶ በነባሩ አስፋልት የሚመጣ ሾፌር አይጠፋም።