ስለ ትንሿ የነፋስ ስልክ፤ ለኮልፌ ተማሪዎች የሚነገር ንግግር

ከኮልፌ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወርድ ሰው ንፋስ ስልክ ከሚባለው ሰፈር ይደርሳል። ልጆች ይህን ስም ዘወትር በታክሲ ረዳት አፍ ሲጠራ ይሰሙታል፤ ትርጓሜውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የቀድሞ ሰዎች ሽቦ ሳይዘረጋ ቃል ከአገር ወደ አገር ሲተላለፍ ባዩ ጊዜ መኪናውን የነፋስ ስልክ ብለው ጠሩት፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚሁ ወረሰ። በእውነት ግን ቃሉን የሚሸከመው ነፋስ አይደለም። ነፋስ ቢቆምም፥ አየር ጨርሶ ባይኖርም፥ የሬዲዮ ማዕበል እንደ ብርሃን ይሄዳል፤ ፍጥነቱም እንደ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ ስሕተት ቢኖርበትም ያማረ ስለ ሆነ፥ የሚጠላው ሰው አይገኝም።

ዛሬ የሚነገረው ግን በትልቅ ሕንፃ ውስጥ ስላለው፥ እንደ ግንብ ከፍ ባለ የብረት ምሰሶ ስለሚሠራው ሬዲዮ አይደለም። በመጽሐፍ መያዣ ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባው፥ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ስለሚያንሰው ትንሽ የሞርስ ሬዲዮ ነው። ይህ መሣሪያ ወደ ሰማይ የሚልከው ጉልበት 5 ዋት ወይም ከዚያ በታች ነው። አምስት ዋት ማለት አንዲት አነስተኛ የኤሌክትሪክ አምፖል የምትበላው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጉልበት ከኮልፌ ኮረብታ ተነሥቶ እስከ ካይሮ፥ አንዳንድ ቀንም እስከ አውሮፓ መድረስ ይቻላል ሲባል ብዙ ሰው ይጠራጠራል። መጠራጠሩ መልካም ነው፤ የተጠራጠረ ሰው ምክንያቱን ይጠይቃልና።

የሞርስ ፊደል የተሠራው ለሽቦ ነበር። ሳሙኤል ሞርስ የተባለው አሜሪካዊ በግንቦት 1836 ዓ.ም. ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር በተዘረጋ ሽቦ ቃል ላከ። ማርኮኒ የተባለው የኢጣልያ ሰው ደግሞ በታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ያለ ሽቦ ከእንግሊዝ አገር የተላከውን ምልክት በውቅያኖስ ማዶ እንደ ሰማ አስታወቀ፤ ምልክቱም ሦስት ነጥብ ብቻ ነበረ። የፊደሉ ሕግ አጭር ነው። ነጥብ አንድ ምት ቢሆን ሰረዝ ሦስት ምት ነው፤ በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉት ምልክቶች መካከል አንድ ምት፥ በፊደልና በፊደል መካከል ሦስት ምት፥ በቃልና በቃል መካከል ሰባት ምት ዝም ይባላል። ተማሪ ሁሉ ነጥቡንና ሰረዙን ለማጥናት ይቸኩላል፤ አዋቂ ግን የሚታወቀው በዝምታው ልክ ነው።

ለዚህም ከኢትዮጵያ ስም የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። በዓለም ያሉ መንግሥታት ለየሬዲዮ ጣቢያቸው መጠሪያ የሚሆን ፊደል ተከፋፍለዋል፤ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኢ እና ቲ ነው። በሞርስ ፊደል ደግሞ ኢ አንድ ነጥብ፥ ቲ አንድ ሰረዝ ብቻ ነው። ከእነዚህ የሚያጥር ፊደል የለም፤ ስለዚህ የኢትዮጵያ ምልክት እጅግ አጭር ነው። ነገር ግን የሚልከው ሰው ቸኩሎ በሁለቱ መካከል ያለውን የሦስት ምት ዝምታ ቢያጠፋ፥ ነጥቡና ሰረዙ ተጣብቀው ኤ የሚባለው ሌላ ፊደል ይሆናሉ። በሩቅ አገር ያለ ሰሚም የኢትዮጵያን ስም ሳያውቅ ያልፋል። አገሩን የሚያስጠራ ሰው በዚያች ቅንጣት ጊዜ ውስጥ ይለያል ማለት ነው።

አሁን ትንሽ ጉልበት እንዴት ሩቅ እንደሚደርስ ይነገር። ሰው በሬዲዮ በድምፁ ሲናገር ማዕበሉ ሰፊ መንገድ ይይዛል፤ ስፋቱም 2,500 ሄርዝ ያህል ነው። የሞርስ ምልክት ግን ከ150 ሄርዝ እምብዛም በማያልፍ ጠባብ መንገድ ይሄዳል። አንድ እንስራ ውሃ በአውድማ ላይ ቢፈስ መሬቱን አርሶ ሳይሄድ ይቀራል፤ ያው ውሃ በጠባብ ቦይ ቢለቀቅ ግን ከጎመኑ ሥር ይደርሳል። ሰሚውም በበኩሉ መሣሪያውን ለዚያች ጠባብ መንገድ ብቻ ከከፈተ፥ ከግራና ከቀኝ ያለው ጩኸት ሁሉ ይዘጋል። የሰው ጆሮም ድንቅ ነው፤ ንግግር ሊለይ በማይቻልበት ጫጫታ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይለያል።

ሁለተኛው ነገር የሒሳብ ነው። የሬዲዮ አማተሮች፥ ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ለእውቀትና ለደስታ የሚሠሩት፥ የሚሰሙትን ምልክት ብርታት ከ1 እስከ 9 ባለ ቍጥር ይመዝኑታል። ላኪው 100 ዋት የነበረውን ጉልበት ወደ 5 ዋት ቢያወርደው ጉልበቱ ሃያ እጅ አነሰ ማለት ነው፤ በሰሚው ሚዛን ግን የሚወርደው ሁለት ቍጥር ያህል ብቻ ነው። ሰባት ሆኖ ይሰማ የነበረው አምስት ሆኖ ይሰማል፤ አምስት ደግሞ በደኅና የሚነበብ ነው። ስለዚህ በሃያ እጅ የሚበልጥ መሣሪያ የገዛ ሰው ሃያ እጅ የሚበልጥ ርቀት አላገኘም፤ ያገኘው ከባድ ባትሪ ነው።

የቀረውን ሥራ ሰማይ ይሠራል። ከምድር ከ100 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ የፀሐይ ጨረር አየሩን በኤሌክትሪክ የነካበት ንብርብር አለ። አጭር የሚባለው ማዕበል ከዚያ ሲደርስ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል። ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም በአንድ ዝላይ ይደረሳል። ወደ አውሮፓ ግን ማዕበሉ ከምድር ወይም ከባሕር ነጥሮ ሁለተኛ መዝለል ይኖርበታል። ሰማዩ ግን እንደ ሰዓቱ ይለያያል። 14 ሚሊዮን ሄርዝ አጠገብ ያለው ማዕበል ቀን ይሠራል፤ 7 ሚሊዮን አጠገብ ያለው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይበረታል። በፀሐይ ላይ ታላቅ ሁከት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ሁሉም ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ባለ 5 ዋቱም ባለ 1,000 ዋቱም እኩል ዝም ይላሉ።

ለዚህ ሥራ ኮልፌ የታደለ ስፍራ ነው። መሬቱ ከፍ ያለ ነው፤ በምዕራብ በኩል ወጨጫ፥ በሰሜን በኩል የእንጦጦ ተራራ ይታያል፤ ባሕር ዛፍም አይታጣም። ለ14 ሚሊዮን ሄርዝ የሚያስፈልገው ሽቦ ርዝመቱ 10 ሜትር ያህል ነው፤ ከመካከሉ ተቈርጦ በሁለት ወገን 5 ሜትር 5 ሜትር ይዘረጋል፤ ከመካከሉም ወደ መሣሪያው የሚወርድ መስመር ይታሰራል። ገመድ በድንጋይ አስሮ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ መወርወርን የኮልፌ ልጅ ከማንም መማር አያስፈልገውም። ይልቁንስ መማር የሚገባው ሽቦው በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ፈጽሞ እንዳይሰቀል፥ ነጐድጓድ በተሰማ ጊዜም ሁሉ ነገር ተጠቅልሎ ከኮረብታ እንዲወረድ ነው። በክረምት የአዲስ አበባ መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

መሣሪያው ቁልፉ በተጫነ ጊዜ ከ12 ቮልት ባትሪ 1 አምፔር ያህል ይበላል፤ ሲያዳምጥ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ በአንድ እጅ የምትያዝ ባትሪ ግማሽ ቀን ታሠራለች። ሸክም ማነሱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ሌላ ስፍራ መሄድ አያስፈልግም። ኔልሰን ማንዴላ በሐምሌ 1954 ዓ.ም. በዚሁ በኮልፌ በነበረው የፖሊስ ሠፈር የጦር ትምህርት ሲማር፥ ጠመንጃና ጥይት ከጥቂት ውሃ ጋር ተሸክሞ በተወሰነ ሰዓት ከተባለው ስፍራ መድረስ ከትምህርቱ አንዱ ነበር። ዳገት የወጣ ሰው ግማሽ ኪሎ ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

ትንሽ ሬዲዮ ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር የጎጃምን ታሪክ ይስማ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም.፥ ክረምቱ በበረታበት ወር፥ ሚሲዮን 101 የተባለ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ጓድ ከሱዳን ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ገባ። አለቃው ከወረራው በፊት በኢትዮጵያ በእርሻ ሥራ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነበረ፤ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው አብረው የተጓዙትም አዛዥ ከበደ ተሰማ ነበሩ። ጭነታቸው በአጋሰስ ነበረ፤ ከጭነቱም መካከል የሬዲዮ መሣሪያ ነበረበት። ጠላት በየምሽጉ አለ፤ አውሮፕላኑም ይፈልጋቸዋል።

የጎጃም አርበኞች ያን ጊዜ አራት ዓመት ሙሉ ሲዋጉ ኖረዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ካርቱም ደርሰዋል። በካርቱም ያሉት የእንግሊዝ ሹማምንት ግን አርበኛው ስንት እንደ ሆነ፥ ምን እንደ ጎደለው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ቢገቡ አገሩ ይነሣ እንደ ሆነ ሊያውቁ ይፈልጉ ነበር። ሳንድፎርድ ከሰፈረበት ከሰከላ አገር እስከ ካርቱም በቀጥታ ቢለካ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እግረኛ መልእክተኛ ወንዙ በሞላበት ወራት ስንት ሳምንት እንደሚፈጅበት፥ ስንት ኬላም እንደሚጠብቀው ማሰብ አያዳግትም። በሬዲዮ ግን ቃሉ በዚያው ቀን ይደርሳል። በአጋሰስ ጀርባ የተጫነ መሣሪያ እንደ ከተማ ጣቢያ ያለ ጉልበት ሊኖረው አይችልም፤ ባትሪው ሲደክም በአጠገቡ የሚሞላበት ሱቅ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ከመላኩ በፊት መመዘን ነበረበት።

ሆኖም መሥመሩ ጸና። ሳንድፎርድ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ እንዲስማሙ ረዳ፤ አርበኛው የተሰናዳ መሆኑን፥ ንጉሠ ነገሥቱም ሊገቡ እንደሚገባ ወደ ካርቱም አስታወቀ። በኅዳር 1933 ዓ.ም. ዊንጌት የተባለው መኮንን በአንድ አነስተኛ አውሮፕላን በሰከላ ወርዶ ከእርሱ ጋር ተማከረና ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻገሩ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። የዊንጌት ስም ከነጻነት በኋላ ለኮልፌ ጎረቤት ለሆነው ትምህርት ቤት ተሰጠ፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። አገር ነጻ ያወጣው የአርበኛው ደም ነው እንጂ ሬዲዮ አይደለም፤ ነገር ግን ደም የሚያፈሰው ሰው በዱር መኖሩን ለውጭው ዓለም ያስረዳች ያች የአጋሰስ ጭነት ናት።

ከዚያ አራት ዓመት አስቀድሞ ግን ሬዲዮ ለኢትዮጵያ ተቃራኒ ሆኖ ነበር። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ጊዜ የኢጣልያ ሠራተኞች የኢትዮጵያን ጦር የሬዲዮ መልእክት ከአየር እየያዙ ያነቡት ነበር፤ መጋቢት 22 ቀን ከተደረገው ከማይጨው ውጊያ በፊት የጠላት አለቆች የሚመጣባቸውን ያወቁት አንዱ በዚህ መንገድ ነው። ወደ ሰማይ የወጣ ቃል ለወዳጅ ብቻ አይወርድም። ወታደር ስለዚህ ቃሉን በምሥጢር ፊደል ይሸፍናል። የአማተር ሕግ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አማተር በምሥጢር መናገር፥ የንግድ ነገርም መላክ ተከልክሎበታል፤ የመጠሪያ ምልክቱንም ደጋግሞ መናገር ይገባዋል። የሚልከውን ማንም እንዲሰማው ያህል አድርጎ ይልካል። ሕጉ ከባድ ቢመስልም ትክክል ነው፤ የብዙ አገር ሰው በአንድ ሰማይ የሚሠራው እርስ በርሱ ሊታመን ሲችል ነውና።

በኢትዮጵያም ያለ ፈቃድ ማዕበል ወደ ሰማይ መላክ አይገባም። በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የሬዲዮን ሞገድ የማስተዳደር ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያውን ያቆመው በአምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ነው፤ መጠሪያውም ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል። ይህን መጠሪያ በሞርስ መጻፍ ለጀማሪ ጥሩ ልምምድ ነው፤ በመጀመሪያ ነጥብና ሰረዝ ተለያይተው ይመጣሉ፥ በመጨረሻም ነጥብና ሰረዝ ተጣብቀው ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። ልዩነቱ ዝምታው ብቻ ነው።

እጅና ጆሮን ለማለማመድ ግን ፈቃድም ሬዲዮም አያስፈልግም። አንዲት አሮጌ የመጋዝ ምላጭ በእንጨት ላይ በአንድ ወገን ትቸነከራለች፤ በነጻው ጫፍ ሥር ሌላ ሚስማር ይደረጋል፤ ከባትሪ ድንጋይና ከትንሽ ደወል ጋር በሽቦ ስትያያዝ የሞርስ ቁልፍ ትሆናለች። አንዱ ተማሪ በክፍሉ በአንድ ጥግ ተቀምጦ ይመታል፤ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ይጽፋል። በመጀመሪያው ቀን ኢ እና ቲ ብቻ ይበቃሉ። ጸሐፊው በኢ ቲ ፈንታ ኤ ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፥ አስተማሪው ጸሐፊውን ሳይገሥጽ የመቺውን እጅ ይመልከት።