ቍሪት የተባለችው ወፍ
(በማኅበራችን የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የምንናገርላት ወፍ በየትም አገር የለችም። ይህንንም አስቀድመን የምንገልጸው ኋላ ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ «የታለች?» ብሎ እንዳያፋጥጠን ነው። ስሟ ቍሪት ይባላል። የምትኖርበት ዓለም ደግሞ ሐመዳ ትባላለች፤ ስሟን የተዋስነው በረዶን ከሚጠራው የግእዝ ቃል ነው። አምስት ሆነን በጋራ መጻፍ በጀመርነው ተረት ውስጥ ይህችን ወፍ ፈጠርናት፤ ወፊቱ ግን እንደ ፈጠርናት አልቀረችም። ስለዚህ ንግግራችን ስለ ወፊቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ስሕተታችንም ጭምር ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። ሐመዳ ከዳር እስከ ዳር በረዶ የሸፈናት ሜዳ ናት፤ ዛፍ የለባትም፤ ፀሓይዋም ታበራለች እንጂ አታሞቅም። በዚህ ሜዳ ላይ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ቁመቷ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ወፍ አቆምን። መብረር አትችልም። ለምን እንደማትችል እኛም አልጠየቅንም፤ ፔንግዊን ስለማይበር ቍሪትም እንዳትበር አደረግናት። ምግቧም ከበረዶው ሥር እየጫረች የምታወጣው የሣር ሥር ሆነ።

ይህን ምዕራፍ ለአንድ የባዮሎጂ ተማሪ ጓደኛችን አነበብንለት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማንና «ባሕሩ የት አለ?» ሲል ጠየቀን። ባሕር እንደሌለ ነገርነው። «እንግዲያውስ ይህች ካፖርት የለበሰች ዶሮ ናት» አለን።

ሣቅን፤ ግን ደግሞ ተናደድን። ተናደንም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን፤ እዚያም ጓደኛችን ልክ መሆኑን አገኘን።

እኛ እንደ ብዙ ሰው ፔንግዊንን ፔንግዊን ያደረገው ብርድ ነው ብለን እናምን ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በኒውዚላንድ የተገኘው የጥንቱ ፔንግዊን አጥንት ዕድሜው ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ያን ጊዜ ምድር ከዛሬው ይልቅ ሞቃት ነበረች፤ አንታርክቲካን የሚሸፍነው ታላቅ ግግር በረዶም ገና አልተዘረጋም። ፔንግዊኑ ግን ያን ጊዜም አይበርም ነበር። በ2023 ሳይንቲስቶች ከዚያው አገር ኩሚማኑ ፎርዳይሲ የተባለ ሌላ ፔንግዊን ገልጸው አሳተሙ፤ ክብደቱን ወደ 150 ኪሎ ገምተውታል። ዛሬ ከሁሉ የሚበልጠው ንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን እንኳ ከ40 ኪሎ እምብዛም አያልፍም። ዛሬም ቢሆን በጋላፓጎስ ደሴቶች፣ በምድር ወገብ ላይ፣ የሚኖሩ ፔንግዊኖች አሉ።

እንግዲህ በረራውን የወሰደበት ብርድ ካልሆነ ማነው? ባሕር ነው። በሰሜን ባሕሮች ሙር የምትባል፣ አንድ ኪሎ ያህል የምትመዝን ወፍ አለች። በአንዱ ክንፏ ትበራለች፤ በዚያው ክንፏ ውኃ ውስጥ ትቀዝፋለች። በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህች ወፍ ስትበር የምታወጣው ጉልበት እስከዚያ ጊዜ በበራሪ አእዋፍ ላይ ከተለካው ሁሉ የበለጠ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለክንፍም የተነገረ ይመስላል። ለመቅዘፍ የሚሻለው ክንፍ አጭርና ጠንካራ ነው፤ ለመብረር የሚሻለው ረጅምና ቀላል ነው። ፔንግዊን መረጠ። ሰማዩን ትቶ ጥልቁን ወሰደ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ፔንግዊን ዛሬ ከ500 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ያ «ካፖርት» የተባለው መልኩም ቢሆን የባሕር ነው፤ ጀርባው ከላይ ለሚያይ ከጨለማው ውኃ ጋር ይመሳሰላል፣ ሆዱም ከታች ለሚያይ ከብርሃኑ ጋር።

ብርዱ የመጣው በኋላ ነው፤ ሲመጣም ይህን ወፍ ሰብ የደለበ፣ ላባው የጠና፣ አካሉ የተሰበሰበ ሆኖ አገኘው። ይህን ስናውቅ የሐመዳን ሜዳ ቀደድነውና ከበረዶው ሥር ጥቁር ባሕር አደረግንበት። የሣሩ ሥር ቀረ፤ ዓሣ መጣ። ተረታችንም ከዚያች ቀን ጀምሮ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ነገር ግን ብርድ ምንም አይጠይቅም ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም የማይምር ፈታኝ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ፔንግዊን ነገር እንመልከት። ሌላው የአንታርክቲካ ወፍ በጋን ጠብቆ ሲወልድ ይህ በክረምት መካከል ይወልዳል። እናቲቱ አንዲት እንቁላል ብቻ ጥላ፣ ለአባትየው አስረክባ ወደ ባሕር ትሄዳለች። አባትየው እንቁላሏን በእግሮቹ ላይ አስቀምጦ፣ በሆዱ ቆዳ እጥፋት ሸፍኖ፣ ሁለት ወር ያህል ይታቀፋታል። ጎጆ የለውም፤ ከእግሩ በስተቀር መቀመጫ የላትም። ጫጩቷ እስክትፈለፈል፣ ከባሕር ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሲቈጠር፣ አራት ወር ገደማ ምንም አይቀምስም፤ ከክብደቱም ሢሶውን ያህል ያጣል። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲደርስ አባቶች ሁሉ ደረት ለጀርባ ተጣብቀው ይቆማሉ። ዳር ያለው ቀስ በቀስ ወደ መሐል ይገባል፤ መሐል የነበረውም ተራውን ወደ ዳር ይወጣል፤ በመሐሉ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። እግሩስ በበረዶ ላይ እንዴት አይደርቅም? ወደ እግር የሚወርደው ሞቃት ደም ከእግር ከሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን ያልፋል፤ በመንገድም ሙቀቱን ያስረክበዋል፤ ወደ እግር የሚደርሰው ለሕይወት የሚበቃው ብቻ ነው።

ይህን ካነበብን በኋላ ለቍሪት እሳት የሚተፋ ጉሮሮ ልንሰጣት የነበረውን አሳብ በኀፍረት ሰረዝነው።

ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄደ ደራሲ አለ። አሜሪካዊው ኤች. ፒ. ላቭክራፍት በ1931 ጽፎ በ1936 በታተመው «በእብደት ተራሮች» በተባለው ታሪኩ ከአንታርክቲካ ተራሮች ሥር፣ በዋሻ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከሚታወቀው ፔንግዊን ሁሉ የሚበልጡ ነጫጭ ፔንግዊኖችን ፈጥሯል። ዐይናቸው የለም ለማለት ይቻላል። ታሪኩ በጠቅላላው ጩኸት ይበዛበታል፤ ወፎቹን ግን ወደድናቸው፤ ምክንያቱም ስለ ጨለማው ዋጋ ከፍለዋል። በዋሻ የሚኖሩ እውነተኛ ዓሣዎችም፣ በጎረቤታችን በሶማልያ ከመሬት በታች ያለውን ጨምሮ፣ ቀለማቸውንና ዐይናቸውን እንዲሁ አጥተዋል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «በአገራችን ያልተጠና ስንት እንስሳ ሳለ በሌለች ወፍ መድከም ምንድነው?» ይሉናል። ወቀሳው ግማሽ እውነት ስላለው አንቆጣም። ነገር ግን «ፊሳልጎስ» ከግሪክ ወደ ግእዝ ከተመለሰበት ከጥንት ጀምሮ፣ ከአመዱ የሚነሣው ፊንክስ በዚህ አገር መጻሕፍት ውስጥ ሲኖር ማንም አላባረረውም። ደግሞም ቍሪትን ባንፈጥራት ኖሮ ስለ ፔንግዊን እግር የደም ሥር አንድ ገጽ እንኳ አናነብም ነበር።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን።

ፔንግዊን የሚለው ስም መጀመሪያ የተሰጠው ዛሬ ስሙን ለያዘው ወፍ አልነበረም። መርከበኞች በሰሜን አትላንቲክ እንዲህ ብለው የሚጠሩት ሌላ ወፍ ነበር፤ ታላቁ ኦክ ይባላል። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ የማይበር፣ ክብደቱ አምስት ኪሎ ያህል። ከፔንግዊን ጋር ዝምድና የለውም፤ የሙር ዘመድ ነው። ያው ባሕር፣ ያው ጥያቄ፣ በሌላው የዓለም ጫፍ ያንኑ መልስ አወጣ። መርከበኞች ወደ ደቡብ ሲሄዱ የሚመስለውን አይተው በዚያው ስም ጠሩት።

ለበረራ የተከፈለው ዋጋ የሚታወቀው በየብስ ላይ ነው። ኦክ በባሕር ውስጥ የሚደርስበት አልነበረም፤ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ድንጋያማ ደሴት ሲወጣ ግን የሚያመልጥበት ክንፍ አልነበረውም። በካናዳ ጠረፍ ባለችው በፈንክ ደሴት ሰዎች ለሥጋው፣ ለዘይቱና ለላባው ፈጁት። በደሴቲቱ እንጨት ስላልነበረ የወፎቹን የሰባ ሬሳ ማገዶ አድርገው ሌሎቹን ወፎች ይቀቅሉበት ነበር። ቍጥሩ ሲመነምን የሙዚየምና የግል ሰብሳቢዎች ዋጋ ጨመሩበት። በማስረጃ የታወቁት የመጨረሻዎቹ ጥንድ በሰኔ 1844 በአይስላንድ አጠገብ ባለችው በኤልደይ ደሴት ታንቀው ተገደሉ። እንቁላላቸውም እዚያው ተሰበረ።

ንጉሠ ነገሥቱንም ዱላ ሳይነሣበት የሚያገኘው ነገር እንዳለ ታይቷል። በ2022 መጨረሻ በአንታርክቲካ በቤሊንግስሃውዘን ባሕር በኩል የባሕሩ በረዶ ያለጊዜው ተሰባበረ፤ ከአምስቱ መንጋዎች በአራቱ ጫጩቶቹ ውኃ የማያስገባ ላባ ሳያበቅሉ በረዶው ከሥራቸው ስለሄደ አንድም የተረፈ አይመስልም።

በተረታችን ስድስተኛ ምዕራፍ ላይ ከአድማስ አንዲት ጀልባ ትታያለች። ስንጽፈው ለጌጥ ነበር፤ ስለ ኤልደይ ገና አላነበብንም። ቍሪቶቹ በበረዶው ዳርቻ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሰው አይተው ስለማያውቁ አይሸሹም፤ እንዲያውም ለማየት ይጠጋሉ። ከመካከላችን ሁለቱ ጀልባዋ ትጠጋ፣ አለዚያ ተረቱ ውሸት ይሆናል አሉ። ሁለቱ ደግሞ ዓለሙን የፈጠርነው እኛ ከሆንን ማዕበል ልናስነሣ እንችላለን አሉ። አምስተኛው ድምፅ አልሰጠም፤ ምዕራፉን ለመጻፍ ተራው የደረሰው ግን እርሱ ነው። ጀልባዋ እስከ ዛሬ ከዳርቻው ሁለት መቶ ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች። እርሱም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጧልና፣ ስብሰባው ሲያበቃ አሳባችሁን ብትነግሩት ደስ ይለናል።