ሞተር አልነሣ ሲል



በካፋ ምድር፣ በቦንጋ ዙሪያ፣ ለእሸት ቡና የተለቀመ ቀይ ፍሬ በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይቦካል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። በእንዲህ ያለው ቀን መፈልፈያውን የሚያዞረው ትንሽ የቤንዚን ሞተር እንቢ ቢል፣ የሚጎዳው ባለሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የደከመው ገበሬ ጭምር ነው። ስለዚህ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ማንኛውም አስተዋይ ሰው ሊመረምረው የሚችለውን በዛሬው ንግግራችን እናስረዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ቀበቶውን ከመፈልፈያው ላይ አውልቁ። ቀጥሎም ሞተሩ መጎተቻ ገመድ ያለው እንደ ሆነ ገመዱን ሳቡ። አብዛኞቹ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች የካንዴላቸውን እሳት ራሳቸው ያመነጫሉ እንጂ ከባትሪ አይበደሩም። እንግዲህ በገመድ ከተነሣ ጉድለቱ በባትሪው ወይም በሞተሪኖው በኩል ነው ማለት ነው፤ የዕለቱም ቡና ዳነ።

በቁልፍ ስታዞሩት ግን ጆሮአችሁን ስጡት። ፈጽሞ ዝም ካለ፣ ፊውዙን፣ የባትሪውን ጫፎችና ማሳውን ተመልከቱ። ካፋ ዝናብና እርጥበት የማያጣው አገር ስለ ሆነ ጫፎቹ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ። ስትፈቱ አስቀድማችሁ የኔጌቲቩን፣ ስትገጥሙ ደግሞ እርሱን በመጨረሻ አድርጉ፤ አለዚያ ቁልፋችሁ ብረቱን ሲነካ እሳት ይረጫል። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና ሲጋራም ክብሪትም አታቅርቡ። የተቃጠለ ፊውዝ ቁጥሩ በተመሳሳይ ፊውዝ ይተካል እንጂ በመዳብ ሽቦ አይተካም፤ ሽቦው መስመሩን ሁሉ ያቃጥላልና።

ጠቅ ብሎ ቢቀር ቴስተር አምጡ። ያረፈ የ12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12 ቢያሳይ ደክሟል። ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው መሞላት ወይም መለወጥ አለበት። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሩ ካልዞረ ግን ጥፋቱ በሪሌው፣ በሽቦው ወይም በሞተሪኖው ነው።

ሞተሩ እየዞረ ካልተነሣ ሞተሪኖውን አትውቀሱ። ማጥፊያው ክፍት መሆኑንና ዘይቱን ፈትሹ፤ ብዙ ሞተሮች ዘይት ሲያንሳቸው እሳቱን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ አላቸው። ከዚያ ካንዴላውን አውጥታችሁ ጥቀርሻውን ጥረጉ፤ ክፍተቱ በመመሪያው መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፣ በብዙዎቹ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እሳት ከሌለ ቦቢናውን ለባለሙያ ተዉለት።

ሞተሩ ሲነሣ የባትሪውን ቮልት እንደ ገና ለኩ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 ካሳየ ባትሪው እየተሞላ ነው፤ ካላሳየ ግን ነገም ያው ችግር ይመለሳል። የሞተር ጢስ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበትና በተዘጋ ቤት አታስነሡት።

የቡናው ወራት ሲያልፍ ባትሪውን ፈታችሁ በደረቅ ቦታ አኑሩ፤ በየወሩም አስሞሉት። ተሰቅሎ የከረመ ባትሪ በመከር ቀን ያሳፍራል፤ የተጠበቀ ግን ፍሬው ሳይቦካ ሥራውን ይፈጽማል።

ደኅና ሰንብቱ።